የተክል አጥር በገዳሪፍ ምድር

እንደሚታወቀው በመተማና በሁመራ በኩል ተሻግረን ገዳሪፍ የገባን ኢትዮጵያውያን የመጀመሪያ አጥራችን የደረቀ እሾህ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ በኡም ራኩባ፣ ቀጥሎም በተዋዋ ስንሰፍር፣ ቶሎ አገራችን እንመለሳለን ባዮች ስለነበርን ለዓመታት የሚቆይ ተክል ለመትከል ልባችን አልተነሣም።

ቆይታው ሲረዝምና ልጆች ሲወለዱ ግን ግቢያችንን እንደ አገር ቤት በተከረከመ የፈረንጅ ጽድ ማስዋብ አማረን። አልሆነልንም። ጽድ የደጋ ዛፍ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትሆን ገዳሪፍ 600 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በሚያዝያ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ይደርሳል። ከሁሉ የባሰው ዋልካው ነው። በክረምት አብጦ ውኃ ያቁራል፣ በበጋ ተሰነጣጥቆ ሥር ይበጥሳል።

ቅንጭብ ድርቅ ይችላል፤ ነገር ግን ወተቱ ዓይን ስለሚጎዳ ልጆች ከሚጫወቱበት መራቅ አለበት። መስኪት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1917 ወደ ሱዳን የገባ፣ አሸዋ ይከላከላል ተብሎ የተስፋፋ ዛፍ ነው። ከብቶች ፍሬውን በልተው ዘሩን በእበታቸው አዛመቱት፤ የከሰላንና የአዲሲቱን ሐልፋን እርሻ ወረረ። መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ1995 እንዲጠፋ ወሰነ። ቶሎ የሚያድግ ሁሉ መልካም አጥር እንዳልሆነ ከዚህ ተምረናል።

መልሱን ያገኘነው ከሱዳናውያን ጎረቤቶቻችን ነው። ሂና ሙቀትና መቀስ ይችላል፣ ቅጠሉም ለሠርግ ይሆናል። ሌላው በካርቱም ግቢዎች ተከርክሞ የሚታየው ተክል ነው፤ ጠጋ ብለን ስናየው የራሳችን ተራራ ክትክታ ሆኖ አገኘነው! ለማገዶ የምንቆርጠውን እዚህ ለጌጥ ተክለውታል።

አተካከሉ ቀላል ነው። ውኃ እንዳይተኛበት አፈሩን ከፍ አድርጎ መደብ መሥራት፣ በሰኔ ዝናቡ ሲጀምር ችግኙን ማስገባት፣ ከሥር ቅርንጫፍ እንዲያወጣ ገና በለጋነቱ ጫፉን መቁረጥ፣ በበጋ ስንጥቁን በልል አፈር ሞልቶ በገለባ መሸፈን ነው። ውኃ ከአህያ ጋሪ እየተገዛ በሚጠጣበት ከተማ ለአጥር የሚፈስ ጀሪካን ከቤተሰብ መጠጥ የሚቀነስ ነውና፣ ሥር ከሰደደ በኋላ በዝናብ ብቻ የሚኖረውን መምረጥ ግዴታ ነው።

ኡም ራኩባ እ.ኤ.አ. በ2020 ከትግራይ ለተሰደዱ ወገኖቻችን እንደገና ተከፈተ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 በሱዳን ጦርነት ሲነሣ ደግሞ ከካርቱም የሸሹ ብዙ ቤተሰቦች ወደ ገዳሪፍ መጡ፤ ከእኛም ብዙዎች ዳግም ተበተንን። አጥር ግን ከተካዩ ጋር አይሰደድም። ከሚነፍሰው አቧራ ቀጥሎ የሚመጣውን ሰው ይጋርዳል፤ እንግዲህ ለዚያ ሰው ብለን እንትከል።

ፈጣሪ አገራችንንም፣ ያስጠለለችንን ሱዳንንም ሰላም ያድርግልን።