ጨዋ ስለሚለው ስም ሐተታ

ነቢዩ ዳዊት በ67ኛው መዝሙር፥ ሐዋርያው ጳውሎስም ወደ ኤፌሶን ሰዎች በላከው መልእክት በ4ኛው ምዕራፍ፥ ወደ ላይ ወጥቶ ምርኮን ስለ ማረከው ይናገራሉ። ግእዙ ምርኮን ፄዋ ይለዋል። በአማርኛ ጨዋ የሚባለው ቃል ከዚህ የወጣ ነው።

የምርኮ ስም ለወታደር መሰጠቱ እንደ ምን ነው ቢሉ፥ የቀድሞ ነገሥታት ድል ከነሡት አገር ሰው እየመረጡ በጭፍራ ያገቡ ነበርና ነው። ዐፄ ዓምደ ጽዮን በ1324 ዓ.ም. ወደ ይፋት ሲዘምቱ፥ አስቀድሞ የገበሩላቸው የዳሞትና የሐድያ ሰዎች ከሠራዊታቸው ጋር ነበሩ። ከዚህ በኋላ ምርኮኛ ያልሆነውም ወታደር በዚህ ስም ተጠራ።

አንድም ጨዋ ማለት በአገር የተተከለ ጭፍራ ማለት ነው። ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጨዋን በደዋሮ፥ በባሌ፥ በሐድያም አሠፈሩ። ጨዋው ከገበሬው ግብር እየበላ ዳር ድንበሩን ይጠብቅ ነበር።

ይህም ሥርዓት ግራና ካለችበት ከሀብሩ አገር የራቀ አልነበረም። ከዚያ በስተ ሰሜን፥ ከአንጎት ወዲያ፥ ጃን አሞራ የሚባለው ዶባን ይወጋ እንደ ነበረ በ1512 ዓ.ም. የመጣው የፖርቱጋል ካህን አልቫሬዝ ጽፏል። በስተ ደቡብ ደግሞ በአምባሰል፥ በጥቅምት 1524 ዓ.ም. የዐፄ ልብነ ድንግል ሠራዊት በኢማም አሕመድ ድል ሆነ። ማራኪው ለመማረክ ቀረበ።

ኋላ ቃሉ በሁለት ተከፈለ። በመኳንንት ዘንድ የጨዋ ልጅ ማለት ዘሩ የታወቀ፥ ጠባዩ የታረመ ማለት ሆነ። በካህናት ዘንድ ግን ጨዋ ማለት መጽሐፍ ያልተማረ ማለት ነው። አንዱ ቃል ለአንዱ ክብር፥ ለሌላው ነቀፋ ሆነ።

ነገር ግን መኰንን በጨዋነቱ አይመካ፤ የስሙ ሥር ምርኮ ነውና። ካህንም ጨዋ ብሎ ሌላውን አይናቅ። ሐዋርያው ምርኮን ካነሣ በኋላ ለሰው ስለ ተሰጠው ስጦታ ይናገራል፤ ከስጦታውም ጋር እረኞችንና መምህራንን ይቈጥራል። መምህር የሆነውም ሳይማረክ የተሾመ አይደለም። በማራኪው ፊት ሁለቱም ፄዋ ናቸው፤ የሚለያዩት በተሰጣቸው ሥራ ነው እንጂ በዘር አይደለም።