ከስልክ እንጨት እስከ ትእዛዝ መስመር፦ የቤት ራውተር ቃላት ታሪካዊ አመጣጥ

አዲስ የቴክኒክ ዕቃ ወደ አንድ አገር ሲገባ ሁለት ዓይነት ቃል ይፈልጋል። አንደኛው የዕቃው መጠሪያ ስም ነው፤ ሁለተኛው በዕቃው የሚሠራው ሥራ የሚነገርበት ግሥ ነው። የሙያ ቃላት በሚዘጋጁበት ጊዜ ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ በስሙ ላይ ያተኩራል። ይሁን እንጂ ከስልክ መግባት ወዲህ ያለው የቃላት ታሪካችን ቢመረመር፣ ስሙ ከውጭ ቢመጣም እንኳ ሕዝቡ ዕቃውን የራሱ ያደረገው በግሡ አማካይነት እንደ ሆነ ይታያል። ይህ ጽሑፍ ይህንኑ ሐሳብ በአንድ ጠባብ መስክ፣ ይኸውም የቤት የበይነ መረብ ራውተር በትእዛዝ መስመር በሚዋቀርበት ሥራ ላይ ለማሳየት ይሞክራል። ምሳሌዎቹንም በተቻለ መጠን ከሰሜን ወሎ፣ ከሮቢትና ከቆቦ፣ በጠቅላላውም ከራያ ቆላ ይወስዳል። አማርኛ፣ ትግርኛና ኦሮምኛ በሚገናኙበት በዚህ አካባቢ አንድ ቃል ማገልገሉ ወይም አለማገልገሉ ቶሎ ይፈተናልና።

፩. ስሙ የተዋሰ፣ ግሡ የአገር

በአገራችን የቴሌኮሙኒኬሽን ታሪክ መነሻ ሆኖ የሚጠቀሰው፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1894 አዲስ አበባን ከሐረር ለማገናኘት የተዘረጋው 477 ኪሎ ሜትር መስመር ነው። ከዚያም እ.ኤ.አ. ከ1902 እስከ 1904 ጣሊያኖች የሠሩት የቴሌግራፍ መስመር አስመራን ከአዲስ አበባ አገናኘ። በ1945 ዓ.ም. የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቋመ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ዕቃው ይጠራበት የነበረውና ዛሬም የሚጠራበት «ስልክ» የሚለው ስም የመጣው ከዐረብኛ ነው፤ በዐረብኛ ትርጉሙ ሽቦ ወይም ክር ማለት ነው። ሕዝቡ ከሩቅ የሚያየው በእንጨት ላይ የተወጠረውን ሽቦ ስለ ነበረ፣ መሣሪያው በሽቦው ስም ተጠራ።

እዚህ ላይ ለቃላት አጥኚ ትምህርት የሚሰጥ ነገር አለ። «ሽቦ አልባ ስልክ» የሚለው አነጋገር በሥርወ ቃሉ ቢተረጐም «ሽቦ የሌለው ሽቦ» ማለት ይሆናል። ነገር ግን ማንም ተናጋሪ ተቃርኖው አይሰማውም። የተዋሰ ስም ከመነሻው ተላቆ በአማርኛ ውስጥ የራሱን ኑሮ ስለሚጀምር፣ ባዕድነቱ ቋንቋውን አይጐዳውም።

ግሦቹ ግን ሁሉም የአገር ናቸው። ከደወል «ደወለ» ተባለ። የቴሌግራፍ ሠራተኛው መምቻውን በጣቱ ስለሚመታ «ቴሌግራም መታ» ተባለ፤ ቀጥሎም ስልክ «ተመታ»። ስልክ ይነሣል፣ ይዘጋል፤ መስመር ይያዛል፣ ይቋረጣል። የሰውን ንግግር በስውር የሚያዳምጥ ሰው ስልክ «ጠለፈ» ይባላል። እነዚህን ግሦች በስብሰባ የወሰነ ኮሚቴ የለም። ተጠቃሚው በእጁ የሚሠራውን እያየ በቤቱ ካለው ቃል መረጠ።

፪. የትእዛዝ መስመር፣ የቴሌግራፍ ልጅ

«የትእዛዝ መስመር» የሚባለው፣ ሰው ለመሣሪያ የሚሰጠውን ትእዛዝ በሥዕልና በቁልፍ ምልክት ሳይሆን በጽሑፍ አንድ በአንድ የሚያስገባበት ስልት ነው። ይህ ስልት የተወለደው ከቴሌግራፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ዩኒክስ የተባለው ሥርዓት በአሜሪካ ቤል ላቦራቶሪዎች ሲፈጠር፣ ሠራተኞቹ ከኮምፒዩተሩ ጋር የሚነጋገሩት በቴሌፕሪንተር፣ ማለትም የቴሌግራፍ መልእክት በሚጽፈው መሣሪያ አማካይነት ነበር። በጊዜው የታወቀው ቴሌታይፕ 33 በሰከንድ ከ10 ፊደል በላይ መጻፍ አይችልም ነበር። ትእዛዞቹ ሁለትና ሦስት ፊደል ብቻ እስኪሆኑ ድረስ ያጠሩበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። «ቲ ቲ ዋይ» የሚለው የቴሌታይፕ አኅጽሮት ዛሬም በሊኑክስ ሥርዓት ውስጥ ይገኛል። በርካታ የቤት ራውተሮች ደግሞ ሊኑክስ የሚሠራባቸው ትንንሽ ኮምፒዩተሮች ናቸው። ስለዚህ ራውተሩን በጽሑፍ የሚያዝ ሰው፣ ሳያውቀው የቴሌግራፍ መቺውን ሥራ ይቀጥላል።

ከሩቅ ሆኖ ትእዛዝ ለመስጠት የሚያገለግለው ቴልኔት የተባለው ስልት እ.ኤ.አ. በ1969 ተጀመረ። ቴልኔት የይለፍ ቃልን ሳይሸፍን በግልጽ ስለሚልክ፣ በመንገድ ላይ ያለ ጠላፊ በቀላሉ ሊያነበው ይችላል። በአንድ መረብ ላይ ይኸው ስርቆት በመድረሱ፣ ታቱ ዩሎነን የተባለው የፊንላንድ ሰው እ.ኤ.አ. በ1995 ቃሉን በምስጢር ጽሑፍ ሸፍኖ የሚልከውን «ኤስ ኤስ ኤች» አዘጋጀ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የፊደላችን ዕጣ ምን ነበር? እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው አስኪ የተባለው የፊደል መለያ 128 ቦታ ብቻ ስለ ነበረው ለግእዝ ፊደል ሥፍራ አልነበረውም። በአገራችን መሐንዲስ ተረፈ ራስ ወርቅ የኢትዮጵያን ፊደል የሚጽፍ ቴሌፕሪንተር ሠርተው ነበር። ከዚህም ፊደላችን ወደ ቴሌግራፍ ማተሚያ መግባት የሚችል መሆኑ ታይቷል። በዓለም አቀፉ ዩኒኮድ ውስጥ ግን የግእዝ ፊደል የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። የብዙ ራውተሮች ትእዛዝ እስካሁን በላቲን ፊደልና በእንግሊዝኛ ብቻ የሆነበት ምክንያት አማርኛ ስለማይመች ሳይሆን፣ በሩ ዘግይቶ ስለ ተከፈተ ነው።

፫. ራውተር፣ ሮቢትና ጠለፋ

የራውተር ሥራ ከአንድ በኩል የመጣውን የመልእክት ጥቅል አድራሻውን አይቶ ወደሚገባው አቅጣጫ መላክ ነው። ይህ ሥራ ለራያ ገበሬ እንግዳ አይደለም። ከምዕራቡ ደጋ የሚወርደው ጎርፍ በሆርማትና በጎሊና ወንዞች ወደ ቆቦ ሜዳ ሲደርስ፣ ገበሬው በአፈርና በቁጥቋጦ ከትሮ ወደ ዋናው ቦይ ይመልሰዋል፤ ከዋናው ቦይም ለየማሳው ያከፋፍለዋል። ለዚህ ሥራ አማርኛ «ጠለፋ» የሚል የተሟላ ቃል አለው፤ ወንዝ ይጠለፋል፣ ጎርፍም ይጠለፋል። በትርጉም ብቻ ቢሆን ኖሮ ራውተርን «ጠላፊ» ብሎ መሰየም በተቻለ ነበር።

ነገር ግን ቃሉ አስቀድሞ ተይዟል። ከላይ እንደ ተገለጸው የስልክ ዘመን «ጠለፋ»ን ለስውር አዳማጭ ሰጥቶታል፤ የኮምፒዩተር ዘመን ደግሞ በሰው መሣሪያ ውስጥ ያለ ፈቃድ ለሚገባ ሰው አጽንቶለታል። በማሳ ላይ በረከት የሆነው ቃል በሽቦ ላይ ወንጀል ሆነ። በዚህ ምክንያት ዕቃው «ራውተር» በሚለው የውጭ ስሙ ቢቀጥል፣ እንደ «ስልክ» ሁሉ ጉዳት የለውም። ሥራውን ለማስረዳት ግን «ያከፋፍላል»፣ «ይመልሳል»፣ «አቅጣጫ ይሰጣል» የሚሉት የቦይ ግሦች ይበቃሉ።

የአድራሻንም ነገር ለማስረዳት የሮቢት ስም ራሱ ምሳሌ ይሆናል። «ሮቢት» ከሮብ የወጣ ስም ነው፤ ከሐሙስ «ሐሙሲት» እንደሚወጣው ማለት ነው። ከዕለት ስም የሚወጣ የቦታ ስም በብዙ አገር ሊደገም ስለሚችል፣ በሸዋም በራያም ሮቢት አለ። ሰው በአካባቢው ሲሆን «ሮቢት» ብቻ ይላል፤ ከሩቅ ሲጽፍ ግን «ሸዋ ሮቢት» ወይም «ቆቦ ሮቢት» ብሎ መለየት ይኖርበታል። የቤት መረብ አድራሻም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣ ስምምነት በ192.168 የሚጀምሩ ቁጥሮች ለውስጥ መረብ ብቻ እንዲያገለግሉ ተለይተዋል። በመሆኑም 192.168.1.1 የሚለው ቁጥር በሚሊዮን በሚቆጠሩ ቤቶች ውስጥ ይደጋገማል። በቆቦ ያለ ሰው ይህን ቁጥር ቢጠራ የሚመልስለት የራሱ ራውተር እንጂ የሸዋ ሮቢት ሰው ራውተር አይደለም። ወደ ውጭ ሲወጣ ራውተሩ የውስጡን አድራሻ በውጭው ተክቶ ይልከዋል።

፬. ማዋቀርና ኬላ

ራውተርን ለአገልግሎት የማሰናዳት ሥራ ዛሬ «ማዋቀር» እየተባለ ነው፤ ውጤቱም «ውቅረት» ይባላል። ይህ ምርጫ ከሥርወ ቃሉ አንጻር ሲመዘን የተሳካ ነው። «ወቀረ» በግእዝ ድንጋይ ጠረበ፣ ፈለፈለ ማለት ነው፤ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት «ውቅር» የሚባሉት ከዚህ የተነሣ ነው። በቤት ውስጥ ደግሞ የለሰለሰ ወፍጮ ይወቀራል። ወፍጮ የምትወቅር ሴት አዲስ ድንጋይ አትፈጥርም፤ ያለው ድንጋይ እህሉን እንዲይዝና እንዲፈጭ ፊቱን ታሻክረዋለች። ራውተርን የሚያዋቅር ሰውም መሣሪያውን አይሠራውም፤ ለዚያ ቤት ሥራ እንዲመች ያደርገዋል። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ ከባዕድ ቋንቋ አይገኝም።

የማይፈለግ መልእክት ወደ ቤት መረብ እንዳይገባ የሚከለክለው ክፍል «ኬላ» መባሉም እንዲሁ የተገባ ነው። የቀድሞው የንግድ ኬላ ነጋዴውን ከወዴት መጣህ፣ ምን ጭነሃል፣ ወዴት ትሄዳለህ ብሎ ጠይቆ ያሳልፍ ወይም ያግድ ነበር። የመረቡ ኬላም የሚጠይቀው እነዚህኑ ሦስት ጥያቄዎች ነው።

፭. ትእዛዝ አንቀጽ በመሣሪያ ፊት

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው የትእዛዞቹ ምርጫ ነው። የአማርኛ ትእዛዝ አንቀጽ ጾታን፣ ቁጥርንና አክብሮትን ይለያል፤ «አሳይ»፣ «አሳዪ»፣ «አሳዩ»፣ «ያሳዩ» እንላለን። መሣሪያ ክብር የሚጠብቅ ፍጡር ስላልሆነ፣ ለመሣሪያ የሚሰጥ ትእዛዝ አጭሩን የአንተ ቅርጽ ቢይዝ ይበቃል። መሣሪያው ለሰው የሚጽፈው መልስ ግን ሌላ ነው። ወሎ ውስጥ ታላቅ ሰው «አንቱ» እየተባለ በሚከበርበት ቤት፣ አዛውንቱን «የይለፍ ቃልህን አስገባ» የሚል መሣሪያ ባለጌ ይሆናል። ስለዚህ ወደ መሣሪያው በአንተ፣ ወደ ሰው በአክብሮት የሚለው ሕግ ሊጸና ይገባዋል።

ሁለተኛው ችግር የትርጉም መደራረብ ነው። «አጥፋ» የሚለው ቃል መብራትንም ያጠፋል፣ ንብረትንም ያጠፋል። አንድ ሰው የራውተሩን የሬዲዮ ሞገድ ለሌሊት ለማቆም ፈልጎ «አጥፋ» ቢል፣ መሣሪያው ውቅረቱን በሙሉ ቢደመስስበት ጥፋቱ የቃል መራጩ ነው። ስለዚህ ለጊዜው ለማቆም «ዝጋ»፣ ጨርሶ ለማስወገድ «ደምስስ» ቢባል ይሻላል።

ሦስተኛው «አስቀምጥ» የሚለው ነው። በብዙ የመረብ መሣሪያዎች ላይ የተለወጠ ነገር ወዲያውኑ ሥራ ቢጀምርም፣ ለብቻው ካልጸና መብራት በጠፋ ጊዜ ይጠፋል። «አስቀምጥ» ይህን አደጋ አያመለክትም። «አጽና» ግን አዋጅና ውል ሲጸና እንደሚባለው፣ ከዚያ በፊት ያለው ሥራ ገና ያልጸና መሆኑን በራሱ ይናገራል።

በዚህ መሠረት ለውይይት የሚቀርቡት ግሦች የሚከተሉት ናቸው፦

አሳይ — ያለውን ውቅረት ለማየት፤
ቀይር — አንዱን ዋጋ በሌላ ለመተካት፤
ክፈት፣ ዝጋ — አገልግሎትን ለመጀመርና ለማቆም፤
ደምስስ — ጨርሶ ለማስወገድ፤
አጽና — ለውጡ ከመብራት መጥፋት በኋላም እንዲኖር ለማድረግ፤
አስነሣ — መሣሪያውን እንደገና ለማስጀመር፤
መልስ — መሣሪያውን ከፋብሪካ ሲወጣ ወደ ነበረበት ይዞታ ለመመለስ።

፮. የቃል ማጣት ዋጋ

ይህ ሁሉ የመዝገበ ቃላት ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልተደከመበትም ነበር። ነገር ግን ቃል ማጣት ዋጋ ያስከፍላል። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለ ተንኮለኛ ፕሮግራም በዓለም ዙሪያ ብዙ መቶ ሺህ የቤት ራውተሮችንና ካሜራዎችን በቁጥጥሩ ሥር አዋለ። የተጠቀመበት ዘዴ የረቀቀ አልነበረም። በቴልኔት እየገባ፣ ከፋብሪካ የሚመጡትን 60 ያህል የታወቁ የተጠቃሚ ስሞችና የይለፍ ቃሎች ተራ በተራ ይሞክር ነበር። የተያዙት መሣሪያዎች በብዛት የፋብሪካ ቁልፋቸው ያልተለወጠ ነበሩ። «ይህን ቃል ቀይሩ» የሚለው ማስጠንቀቂያ በማያነቡት ቋንቋ የተጻፈላቸው ሰዎች ቁልፉን በበሩ ላይ ትተው ቢያድሩ አያስገርምም።

በይነ መረብ በአገራችን ለሕዝብ አገልግሎት መስጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ከዚያ ወዲህ መስመሩ ከመዳብ ወደ ፋይበር አድጓል፤ ራውተርም ከመሥሪያ ቤት ወደ መኖሪያ ቤት ገብቷል። መስመሩ ግን የሚቋረጥበት ጊዜ አለ። ከሐምሌ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በሰሜን ወሎ በነበረው ጦርነት በቆቦና በአካባቢው ስልክና መብራት ተቋርጦ ነበር። ከእንዲህ ያለ ጊዜ በኋላ በየቤቱ ያለውን መሣሪያ የሚያስነሣው፣ ውቅረቱን የሚመልሰውና ቁልፉን የሚቀይረው ከሩቅ የሚመጣ ባለሙያ ብቻ እንዲሆን ማድረግ አገልግሎቱን ያዘገያል። የቤቱ ልጅ ወይም እናት ሊሠሩት የሚችሉትን ሥራ ከእጃቸው የሚያስቀረው በአብዛኛው ድካም ወይም አለማወቅ ሳይሆን፣ ትእዛዙ በቋንቋቸው አለመገኘቱ ነው።

የስልክ ዘመን ተናጋሪዎች ስሙን ከዐረብኛ ተውሰው ግሡን ከደወልና ከጣት ምት አወጡ። የራውተር ዘመን ተናጋሪዎችም ስሙን እንዲሁ መዋስ ይችላሉ። ግሦቹ ግን በወፍጮው፣ በቦዩና በኬላው ዘንድ ተዘጋጅተው ይጠብቃሉ። የቃላት አዘጋጁ ድርሻ እነሱን ለይቶ፣ የሚደራረቡትን አቃንቶ፣ መሣሪያ ሠሪዎች ሊያስገቧቸው በሚችሉበት መልክ ማቅረብ ነው።