በቅንድብ የመጣ ሕግ

መቼም የቅንድብ ነገር ሲነሳ «ይሄ ደግሞ የሴቶች ወሬ ነው» ብሎ ገጹን የሚገለብጥ አንባቢ አይጠፋም። ባይገለብጥ ይሻለዋል። መንግሥት በመዋቢያ ዕቃ ላይ ምን ያገባዋል የሚለው ጥያቄ አሜሪካ ውስጥ መልስ ያገኘው፣ ከዓይን በላይ ባለችው በዚህች ቀጭን የፀጉር መስመር ምክንያት ጭምር ነው።

ዓይንንና ቅንድብን ማጥቆር የቆየ ነገር ነው። የጥንት ግብፃውያን ጋሌና የሚባለውን እርሳስ ያለበት ድንጋይ አልመው ፈጭተው፣ ወንዱም ሴቱም ይኳሉበት ነበር። እኛ «ኩል» የምንለውን ዓረቦቹ «ኩሕል» ይሉታል። «አልኮል» የሚለው ቃል ሳይቀር የተገኘው ከዚሁ ከ«አል-ኩሕል» ነው፤ መጀመሪያ የላመ ዱቄት ማለት ነበር፣ ኋላ ተጣርቶ የወጣ ነገር ሁሉ ተባለበት፣ በመጨረሻም ለመጠጡ ቀረ።

ኩል ጉዳት የለውም ለማለት አይደለም። እርሳስ መርዝ ነው፤ በተለይ ለሕፃናት። ቢሆንም ኩል ላይ ላዩን የሚቀባ ነውና ሲያስጠላ ይታጠባል። በ20ኛው መቶ ዘመን ገበያውን ያጥለቀለቀው ሰው ሠራሽ ቀለም ግን ጠባዩ ሌላ ነው። ፓራፌኒሊንዳያሚን የሚባለው ኬሚካል ፀጉሩ ውስጥ ዘልቆ እዚያው ይጠቁራል፤ ሳሙናም ውኃም አያስለቅቀው። አንዳንድ ሰው ላይ ደግሞ ኃይለኛ አለርጂ ያስነሳል።

«ላሽ ሉር» የተባለው የሽፋሽፍትና የቅንድብ ቀለም የተሠራው በዚህ ነበር። በ1933 እ.ኤ.አ. በኦሃዮ ክፍለ ግዛት አንዲት እናት የወላጆችና የመምህራን ማኅበር ግብዣ ነበረባትና ለመዋብ ወደ ውበት ሳሎን ጎራ አለች። ቅንድቧንና ሽፋሽፍቷን በላሽ ሉር ተቀባች። ዓይኗ አበጠ፣ መገለ፣ በመጨረሻም ጠፋ። የተጎዳችው እሷ ብቻ አልነበረችም፤ በዚሁ ቀለም ሰበብ ሕይወቷ ያለፈ ሴትም ነበረች።

ታዲያ መንግሥት ምን አደረገ? ምንም። ምን ያድርግ? በሥራ ላይ የነበረው የ1906 ሕግ የሚናገረው ስለ ምግብና ስለ መድኃኒት ነው፤ መዋቢያ የሚል ቃል የለበትም። ሰው ዓይኑ እየጠፋ፣ ቀለሙ ከዚያ በኋላ ለአምስት ዓመታት ያህል ይሸጥ ነበር። በሕግ አልተከለከለማ!

የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ባለሥልጣናት በእጃቸው የቀረው ማሳየት ብቻ ሆነ። ጎጂ ዕቃዎችን ሰብስበው ዐውደ ርእይ አዘጋጁ፤ ጋዜጠኞች «የአስፈሪ ነገሮች ክፍል» አሉት። የዚያች እናት ፎቶግራፍ፣ ከመቀባቷ በፊትና በኋላ የነበረው፣ እዚያ ተሰቀለ። የሴቶች ማኅበራት ጉዳዩን ይዘው ጮኹ። በ1933 ለምክር ቤት የቀረበው ረቂቅ ግን ዓመታት ተንከባለለ። በ1937 «ኤሊክሲር ሰልፋኒላማይድ» የተባለ ሽሮፕ ከመቶ በላይ ሰው ሲገድል ነው ነገሩ የቆረጠው። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት አዲሱን ሕግ ሰኔ 25 ቀን 1938 እ.ኤ.አ. ፈረሙበት፤ ላሽ ሉርም በሕጉ ከተያዙት የመጀመሪያ ዕቃዎች አንዱ ሆነ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። የፀጉር ቀለም አምራቾች ተሟግተው አንድ ቀዳዳ አገኙ፤ ማስጠንቀቂያ እስከጻፉ ድረስ ያንኑ ዓይነት ኬሚካል ለራስ ፀጉር መሸጥ ተፈቀደላቸው። ማስጠንቀቂያው ለሽፋሽፍትና ለቅንድብ እንዳይውል፣ ዓይን ሊያጠፋ እንደሚችል ይናገራል። የመዋቢያ አምራች አደገኛ ዕቃውን ከገበያ እንዲሰበስብ ማስገደድ የተቻለውም በ2022 መጨረሻ በወጣ ሕግ ነው። ከዚያች እናት ጉዳት 89 ዓመት በኋላ!

እኛስ? መዋቢያን የሚመለከት ሕግ አለን፤ አዋጅ ቁጥር 1112/2011። ሕግ ግን እያንዳንዱ ሳሎን ውስጥ ቆሞ ብሩሽ አይይዝም። ስለዚህ ቅንድቧን የምታስውብ ሰው ከታሪኩ የምትወስደው ነገር አለ። እርሳሱና ዱቄቱ ላይ ላዩን ተቀብቶ ማታ ይታጠባል፤ ከፀጉር ጋር የሚዋሐደው ቀለም ግን ከባድ ውሳኔ ነው። ለራስ ፀጉር የተሠራ ቀለም ወደ ቅንድብ አይውጣ። ንጹሕ ሂና ወደ ቀይ ቡናማ እንጂ ወደ ድቅድቅ ጥቁር አይሄድም፤ «ጥቁር ሂና» ሲባል ብዙ ጊዜ ያው ኬሚካል ተቀላቅሎበታል። አስቀድሞ ክንድ ላይ ትንሽ ነክቶ ሁለት ቀን መጠበቅም አለ፤ አምና ደህና የነበረ ቀለም ዘንድሮ አለርጂ ሊያስነሳ ይችላልና ሙከራው በየጊዜው ነው።

ዕቃው ላይ ምን እንደተቀላቀለበት ካልተጻፈ ደግሞ ጠይቁ። ሻጩም አላውቅም ካለ፣ መልሱን አግኝታችኋል።