ጀበናዋ ነጭ አትሆንም

እንግሊዞች ስለ ግብዝነት ሲተርቱ ከማዕድ ቤታቸው ብዙም አይርቁም። የዋህ መስላ ለምትታይ ተንኮለኛ «ቅቤ እንኳ አፏ ውስጥ የሚቀልጥ አትመስልም» ይላሉ። ያማረ ቃል ወጥ ላይ ቅቤ ሆኖ አይገባም የሚል ተረትም አላቸው። እኛም ብንሆን ከቅቤው አልራቅንም፤ «አፉ ቅቤ ልቡ ጩቤ» እንላለን፣ «አዛኝ ቅቤ አንጓች» እንላለን። ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ዘመን የሁለቱን ሕዝቦች ተረቶች ማስተያየት ደስ ይለኝ ነበር። ከሁሉም ግን እስከ ዛሬ የሚያስጨንቀኝ አንዱ ነው። ማሰሮ ማንቆርቆሪያን «አንቺ ጥቁር!» አለቻት ይላል። እኔ ማንቆርቆሪያዋን ጀበና እላታለሁ፤ ወሬዬ ስለ ካፋ ነውና።

በ1889 ዓ.ም. የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ካፋን ወረረ። የመጨረሻው ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ለወራት በየጫካው ሲሸሽ ቆይቶ በ1890 ዓ.ም. መባቻ ተያዘ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የባሪያ ንግድ እንዲቆም አዋጅ ማስነገራቸው የታወቀ ነው። ታዲያ አዋጁ ከቤተ መንግሥት ሲወጣ፣ ምርኮኛው ደግሞ ከካፋ ይወጣ ነበር። ከወረራው በኋላም ነገሩ አልበረደም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ስለ ጉቦ ብቻ የተነገረ አድርገን እንወስደዋለን አይደል? በካፋና በአካባቢው ግን የተሻረ ሹም ወደ አገሩ ሲመለስ ከብትና እህል ብቻ ሳይሆን ሰውም እየነዳ ይወጣ ነበር። ያ ለም አገር ወና የሆነው በድርቅ አልነበረም።

መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም.፣ በመስቀል ዕለት፣ ኢትዮጵያ የመንግሥታቱ ማኅበር አባል ሆነች። ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገብታ ነው የገባችው። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ባሮች ቀስ በቀስ ነጻ የሚወጡበትን ሕግ አወጡ። በአባልነቱ ላይ ባርነትን ምክንያት አድርጋ ከተቃወሙት መካከል አንዷ እንግሊዝ ነበረች። ደግ ነው፤ ለሰው ልጅ ነጻነት መቆርቆር የሚያስመሰግን ነው። ግን ሁለት ዓመት ከጥቂት ወራት ብቻ ቆይቶ፣ ታኅሣሥ 1918 ዓ.ም.፣ ይህችው እንግሊዝ ከሙሶሊኒ ጋር ደብዳቤ ተለዋወጠች። ጣና ላይ ግድብ ለመሥራት ጣሊያን ልትደግፋት፣ እሷም በምዕራብ ኢትዮጵያ የጣሊያንን የብቻ የኢኮኖሚ ጥቅም ልታውቅላት። ባለቤቷን የጠየቀ አልነበረም። ተፈሪ መኰንን ለማኅበሩ አቤት አሉ።

ከሁሉ የባሰችው አዛኝ ቅቤ አንጓች ግን ጣሊያን ነበረች። በ1927 ዓ.ም. ማብቂያ ለመንግሥታቱ ማኅበር ባቀረበችው የክስ ጽሑፍ ኢትዮጵያን ባርነት ያለባት አረመኔ አገር አለቻት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ድንበር ጥሳ ገባች። ነጻ አወጣዋለሁ ባለችው ሕዝብ ላይም የመርዝ ጋዝ አዘነበች።

እንግዲህ ማሰሮዋ የቱንም ያህል ጥቁር ትሁን፣ እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። የፋሽስቶችን ግብዝነት ስናጋልጥ ብዙ ጊዜ ወሬውን እዚያው እንጨርሰዋለን። ከሳሹ ግብዝ ከሆነ ክሱ ውሸት ነው እንላለን። ማሰሮ «ጥቁር ነሽ» ስላለቻት ግን ጀበናዋ ነጭ አትሆንም። ከካፋ ተነድቶ ለሄደው ሰው የሙሶሊኒ ቅጥፈት መጽናኛው አይደለም። ባርነት በሕግ ሙሉ በሙሉ የተሻረው ከድል በኋላ፣ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው።

ካፋም ራሷ ከዚህ ሚዛን አታመልጥም። ባርነት በነገሥታቷም ዘመን ነበር። ዛሬም ድረስ በውስጧ የሚኖሩ ማንጆ የሚባሉ ወገኖች አሉ። የጥንቱ መንግሥት በጉድጓድና በኬላ በታጠረበት ጊዜ በሩን ይጠብቁ የነበሩት እነሱ ናቸው። የአገር በር ጠባቂዎቹ ግን በጎረቤታቸው ቤት በር መግባት አልተፈቀደላቸውም። የዱር ሥጋ ይበላሉ እየተባለ ገበታ አልተጋሩም፣ ጋብቻ አልተሳሰሩም። ማገዶውና ከሰሉ ይገባል፣ ተሸካሚው ደጅ ይቀራል። ከካፋ ተወላጅ ወዳጆቼ ጋር ይህን ስናነሳ «እሱማ ድሮ ቀረ» የሚሉኝ አሉ። «ልጅህን ትድርለታለህ?» ስል ግን ጀበናው እስኪፈላ ዝም እንባባላለን። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይኸው ነው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ናቸው ይላል። ቦንጋ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ የአዲስ ክልል መቀመጫ ሆናለች፣ የቡና መገኛ ነን ብላም በኩራት ትናገራለች፤ ይገባታል። ነገር ግን ጣታችንን ወደ ቦንጋ ብቻ እንዳንቀስር። ሰሜኑስ ሸክላ ሠሪውን «ቡዳ» ሲል አልኖረም? ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን የሚሳደብ ይቀጣል ብለው እስከ ማወጅ ደርሰዋል። ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ። ዛሬም ቡናችንን «ኑ ጠጡ» ብለን ጎረቤት እንጠራለን፤ ጀበናዋን በእጇ ያበጀችው ሴት ግን ከተጠሪዎቹ መካከል መኖር አለመኖሯን ማን ጠይቆ ያውቃል?