መለየት፣ መላክ፣ መመለስ፦ የማኅበረሰብ ኦፕቶሜትሪ እና የዓይን ስፔሻሊስት ሕክምና ተደራሽነት

አሕጽሮተ ጽሑፍ

የዓይን ስፔሻሊስት ሕክምና ከሕዝቡ የራቀው በስፔሻሊስት እጥረት ብቻ አይደለም። ስፔሻሊስት የሚያስፈልገውን ሕመምተኛ ከማያስፈልገው የሚለይ ባለሙያ በቅርብ አለመኖሩም ትልቅ ድርሻ አለው። ይህ መጣጥፍ የስኮትላንድን፣ የዌልስን፣ የሕንድንና የኬንያን ልምድ ከኢትዮጵያ የጤና አደረጃጀት ጋር ያነጻጽራል። ኦፕቶሜትሪስት፣ ማለትም ዕይታን ለመመርመር፣ መነጽር ለማዘዝና የዓይን በሽታን ለመለየት የሠለጠነ ባለሙያ፣ በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ተመድቦ ሕመምተኛን ሲለይ፣ ሲልክና ከሕክምና በኋላ ተቀብሎ ሲከታተል የስፔሻሊስቱ እጅ ለሚገባው ሰው እንደሚደርስም ይሞግታል።

መግቢያ

እናት ምስር ስትለቅም ጠጠሩ ከፍሬው አልለይ ሲላት «ዓይኔ ደከመብኝ» ትላለች። ሸማኔው ክሩ ሲደበላለቅበት፣ ቄሱም ዳዊታቸውን ከፊታቸው እያራቁ ሲያነቡ ይህንኑ ይላሉ። የሚሰማቸውም ጎረቤት «እርጅና ነው» ብሎ ያጽናናቸዋል። ይሁንና ከዚህ አንድ አነጋገር ጀርባ ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ችግሮች ሊኖሩ ይችላሉ። አንደኛው ከ40 ዓመት ዕድሜ አካባቢ ጀምሮ የሚመጣው የቅርብ ዕይታ መድከም ሲሆን መፍትሔው የንባብ መነጽር ነው። ሁለተኛው የዓይን ሞራ ግርዶሽ ነው፤ የደፈረሰው የዓይን ሌንስ ወጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ሲተካ የጠፋው ብርሃን ይመለሳል። ሦስተኛው ግላኮማ ነው። ግላኮማ የዓይንን ነርቭ ቀስ በቀስ እየጎዳ ዕይታን ከዳር ወደ መሐል ያጠባል፤ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን ለማትረፍ ግን የዕድሜ ልክ ክትትል ይጠይቃል።

መነጽር የሚበቃው፣ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገውና ብርሃኑ በየወሩ የሚያመልጠው ሰው ተለይተው ካልታወቁ ወይ ሦስቱም ቤታቸው ይቀራሉ፣ ወይ ሦስቱም ከተማ ድረስ ተጉዘው በአንድ ወረፋ ይቆማሉ። በመጀመሪያው መንገድ የሚድን ዓይን ይታወራል። በሁለተኛው ደግሞ ስፔሻሊስቱ ቀኑን መነጽር በማዘዝ ያሳልፋል፤ ግላኮማ የያዘው ሰው ወረፋው ሳይደርሰው የትራንስፖርት ገንዘቡ አልቆ ወደ አገሩ ይመለሳል።

የችግሩ ስፋት

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው የዕይታ ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ ቢያንስ 2.2 ቢሊዮን ሰዎች የዕይታ ችግር አለባቸው። ከእነዚህ ቢያንስ የ1 ቢሊዮኑ ችግር መከላከል ይቻል የነበረ ወይም እስካሁን መፍትሔ ያላገኘ ነው። ከዚህ ውስጥ ትልቁን ድርሻ፣ 826 ሚሊዮኑን፣ የያዘው መነጽር ያላገኘ የቅርብ ዕይታ መድከም ነው።

በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 የተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር፣ 3.7 በመቶው ደግሞ ዕይታው የደከመ መሆኑን አሳይቷል። ከዓይነ ስውርነት መንስኤዎች ግማሽ ያህሉን የያዘው የዓይን ሞራ ግርዶሽ ነው። ትራኮማ በዓይን መስታወት ላይ የሚተወው ጠባሳ 11.5 በመቶ፣ በመነጽር የሚታረም ጉድለት 7.8 በመቶ፣ ግላኮማ 5.2 በመቶ ድርሻ ነበራቸው። ዕይታቸው ከደከመባቸው ሰዎች መካከል ደግሞ አንድ ሦስተኛ የሚሆኑት የሚያስፈልጋቸው መነጽር ነበር። ጥናቱ ከዓይነ ስውርነቱ 87.4 በመቶው ሊወገድ የሚችል መሆኑንም አስፍሯል። ከአሥር ዓይነ ስውራን የስምንት ወይም የዘጠኙ ብርሃን የጠፋው ሕክምና ጠፍቶለት ሳይሆን የታወቀው ሕክምና በጊዜው ስላልደረሰው ነው ማለት ነው።

የመለየት ሥራ በቅርበት ሲታይ

መለየት የሚለው ቃል ቀላል ቢመስልም ሙያ ነው። ሕመምተኛው ከመመርመሪያው ሰሌዳ 6 ሜትር ርቆ ይቀመጣል። ፊደል ላልቆጠረ ሰው ሰሌዳው ላይ የሚታየው ሦስት እግር ያለው፣ አቅጣጫው የሚቀያየር አንድ ምልክት ነው፤ ሰውየው እግሮቹ ወዴት እንደዞሩ በእጁ ያመለክታል። አንድ ዓይኑን ሸፍኖ ከትልቁ ምልክት ወደ ትንሹ ይወርዳል። እጁ ግራ ተጋብቶ የሚቆምበት መስመር የዕይታው ልክ ነው።

ባለሙያው በዚያን ጊዜ ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙም ያልሰፋች ቀዳዳ ያላትን ጥቁር መሸፈኛ በሕመምተኛው ዓይን ፊት ያደርጋል። ጠባቧ ቀዳዳ የተበታተነውን ብርሃን ከልክላ ቀጥ ብሎ የሚገባውን ብቻ ታሳልፋለች። ሰውየው ቅድም ያቃተውን መስመር አሁን ማመልከት ከጀመረ ችግሩ በአብዛኛው በመነጽር የሚታረም ነው። ለውጥ ከሌለ ግን ጥርጣሬው ወደ ሌንሱ፣ ወደ ሬቲናው ወይም ወደ ዓይን ነርቩ ይዞራል።

ይህን ያህሉን አጭር ሥልጠና የወሰደ የጤና ሠራተኛም ሊሠራው ይችላል። ግላኮማ ግን በዚህ ወንፊት ያመልጣል፤ የመሐሉ ዕይታ እስከ መጨረሻው ሊቆይ ስለሚችል ሕመምተኛው ትንሹን መስመር ሳይቀር ያነባል። የዓይን ግፊት መለካቱም ብቻውን አይበቃም፣ ግፊቱ በጤነኛ ልክ ውስጥ ሆኖ ነርቩ የሚጎዳበት ጊዜ አለና። የነርቩን ጫፍ በመሣሪያ ማየት፣ የጎን ዕይታን መለካትና ውጤቱን ከቀድሞው ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። በስኳር ሕመም የሚጎዳ ሬቲናም እንደዚሁ ነው፤ ሕመምተኛው ምንም ሳይሰማው ጉዳቱ ሊገፋ ስለሚችል በየጊዜው መታየት አለበት። የኦፕቶሜትሪስት ትምህርት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። መነጽር መለካት የሥራው አንድ ክፍል ሲሆን፣ ሌላው ክፍል ገና ድምፅ ያላሰማውን በሽታ መጠርጠር ነው።

የሌሎች አገሮች ልምድ

በስኮትላንድ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ነዋሪው በሰፈሩ ባለ የኦፕቶሜትሪስት ክፍል በመንግሥት ወጪ የዓይን ምርመራ ያገኛል። ለባለሙያው የሚከፈለው ለምርመራው ነው፤ መነጽር ቢሸጥም ባይሸጥም ክፍያው አይቀርበትም። ለክትትል የሚደረግ ተጨማሪ ምርመራም የራሱ ክፍያ አለው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የግላኮማ መመሪያ ደግሞ ሁለት ነገሮችን አብሮ ያዘ፦ ሕመምተኛ እንዴት ወደ ሆስፒታል እንደሚላክና ከሆስፒታል እንዴት በደኅና ወደ ሰፈሩ እንደሚመለስ። ከመላክ በፊት የዓይን ግፊት ልኬቱ እንዲደገም መደረጉ በአንድ ቀን የግፊት ከፍታ ብቻ የሚላከውን ሰው ለመቀነስ ያስችላል። ዌልስ እ.ኤ.አ. በ2023 ባሻሻለችው ሥርዓት አንድ እርምጃ ገፍታ፣ ተጨማሪ ብቃት ያላቸው ኦፕቶሜትሪስቶች ግላኮማንና የሬቲና ሕመምን በሰፈር እንዲከታተሉ፣ መድኃኒት የማዘዝ ፈቃድ ያላቸውም አጣዳፊ የዓይን ሕመሞችን እንዲያክሙ አድርጋለች።

እነዚህ ሀብታም አገሮች ናቸው የሚል ሰው ወደ ሕንድ ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ1987 በሃይደራባድ የተመሠረተው የኤል ቪ ፕራሳድ የዓይን ተቋም አገልግሎቱን እንደ ፒራሚድ ሠርቶታል። ከታች ለ5,000 ሰው አንድ የመንደር የዓይን ጠባቂ፣ ቀጥሎ ለ50,000 ሰው አንድ የዕይታ ማዕከል፣ ከዚያ ለ500,000 ሰው ቀዶ ሕክምና የሚሰጥ ማዕከል፣ ከበላዩም ለ5 ሚሊዮን ሰው ከፍተኛ ሆስፒታል አለ። በዕይታ ማዕከሉ የሚሠራው ባለሙያ ከአካባቢው ተመልምሎ የሠለጠነ ነው። በደቡብ ሕንድ የሚገኘው የአራቪንድ የዓይን ሆስፒታል በበኩሉ፣ በዕይታ ማዕከሎቹ የሚመረመር የገጠር ሰው በዋናው ሆስፒታል ካለው ሐኪም ጋር በኢንተርኔት ተገናኝቶ በዚያው ቀን ምክር እንዲያገኝ አድርጓል።

መላክ ብቻውን ምን ያህል ደካማ እንደሆነ ያሳየው የኬንያው ጥናት ነው። በትራንስ ንዞያ አውራጃ በ50 ትምህርት ቤቶች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመው በዚህ ጥናት፣ በተለመደው መንገድ ወደ ሆስፒታል ከተላኩት ተማሪዎች የሄዱት 22 በመቶው ብቻ ነበሩ። ምርመራው በስልክ ተደርጎ የልጁ ዕይታ ምን እንደሚመስል በምስል ሲታይና ለወላጆች የማስታወሻ መልእክት ሲላክ ግን የሄዱት 54 በመቶ ደረሱ። በሁለቱም ወገን ልጆቹ የተላኩት ወደ ሆስፒታል ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው ችግሩን በምስል ማሳየቱና የተላከውን ሰው መከታተሉ ነው።

የመነጽር ጥቅምም ከምቾት ያለፈ ነው። በሕንድ አሳም ዕድሜያቸው 40 እና ከዚያ በላይ የሆኑ የሻይ ቅጠል ለቃሚዎች የቅርብ ዕይታ መነጽር ሲሰጣቸው፣ የሥራ ውጤታቸው ካልተሰጣቸው ጋር ሲነጻጸር ከ21 በመቶ በላይ መጨመሩ ታይቷል። ቡና ለቅማ፣ ጥልፍ ጠልፋ ወይም ልብስ ሰፍታ ለምታድር ሴት ይህ ቁጥር የቤት ወጪ ነው።

የኢትዮጵያ መሰላልና የጎደለው እርከን

የሕንዱን ፒራሚድ ከእኛ የጤና አደረጃጀት ጎን ብናስቀምጠው ቁጥሮቹ በአብዛኛው ይቀራረባሉ። በኢትዮጵያ ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000፣ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000፣ አጠቃላይ ሆስፒታል ከ1 እስከ 1.5 ሚሊዮን፣ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ከ3.5 እስከ 5 ሚሊዮን ሰው እንዲያገለግሉ ታስቦ ነው የተደራጁት። ከታችኛው እርከን እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም አለ። ከላይኛው ደግሞ በአዲስ አበባ፣ በጎንደር፣ በጅማ እና በሌሎች ከተሞች የዓይን ስፔሻሊስቶች የሚያክሙባቸው ሆስፒታሎች አሉ። የሚጎድለው ሁለቱን የሚያገናኘው የመሐሉ እርከን ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ዕይታው የደከመ ሰው ስታገኝ የምትልከው የት ነው? በቅርብ የሚቀበላት የሠለጠነ ባለሙያ ከሌለ መልሱ ሩቁ ከተማ ይሆናል።

ባለሙያውን ግን አገሪቱ ታፈራለች። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ቀዳሚ የሆነበት የኦፕቶሜትሪ የዲግሪ ትምህርት ተመራቂዎችን ሲያወጣ ቆይቷል። ሥራን ለሌላ ባለሙያ ማካፈልም ለኢትዮጵያ የዓይን ሕክምና አዲስ ነገር አይደለም። በትራኮማ ምክንያት የተቀለበሰ የዓይን ቆብ ፀጉርን በቀዶ ሕክምና የሚያስተካክሉት በአብዛኛው ለዚሁ የሠለጠኑ ነርሶችና የዓይን ጤና ባለሙያዎች ናቸው፤ ስፔሻሊስት ብቻ ይሥራው ቢባል ኖሮ ገጠሩ ባልተዳረሰ ነበር። በትራኮማ የተቻለው በግላኮማና በመነጽር የማይቻልበት ምክንያት የለም።

የቀዶ ሕክምና ዘመቻዎች የሠሩትን በጎ ሥራ ማሳነስ አይገባም። በጥቂት ቀናት ውስጥ የብዙ ሰዎችን የሞራ ግርዶሽ ገፈው ብርሃን መልሰዋል። ሆኖም ዘመቻ ይመጣል፣ ይሄዳል። የግላኮማ ጠብታ በየቀኑ ይደረጋል፣ የስኳር ሕመምተኛ በየዓመቱ ይታያል፣ የልጅ መነጽር ከልጁ ጋር ይቀየራል። ይህ ሁሉ ሰኞም ሐሙስም በቦታው የሚገኝ ሰው ይፈልጋል።

ሊነሱ የሚችሉ ስጋቶች

የመጀመሪያው ስጋት በሽታ ያመልጣል የሚለው ነው፤ ተገቢም ነው። መልሱ ኦፕቶሜትሪስቱ የሚሠራበትን መመሪያ ከዓይን ሐኪሞች ጋር አብሮ መጻፍ፣ የነርቩንና የሬቲናውን ፎቶ ለስፔሻሊስት መላክ የሚቻልበትን መንገድ ማበጀትና ሥራውን በየጊዜው መፈተሽ ነው። ደግሞም ንጽጽሩ መደረግ ያለበት ፍጹም ከሆነ ምርመራ ጋር ሳይሆን ዛሬ ካለው ጋር ነው፤ ዛሬ ለብዙው የገጠር ሰው ያለው ምንም ምርመራ አለማግኘት ነው።

ሁለተኛው ሆስፒታሉ በመላኪያ ወረቀት ይጥለቀለቃል የሚል ነው። ወረቀቱ «ለተሻለ ሕክምና ተልኳል» ብቻ ካለ በእርግጥም ሸክም ይሆናል። የዕይታው ልክ፣ ሁለት ጊዜ የተለካ ግፊት፣ የነርቩ ገጽታና የተጠረጠረው በሽታ ከተጻፈበት ግን ስፔሻሊስቱ ማንን ቅድሚያ እንደሚጠራ ያውቃል። ከሆስፒታሉ መልስ የሚጻፍበት ግማሽ ገጽ ደግሞ የግድ ነው። ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ለቁስል ክትትል ዳግም ከተማ እንዳይጓዝ የሚያደርገውም፣ ኦፕቶሜትሪስቱ ጥርጣሬው ትክክል መሆን አለመሆኑን የሚማርበትም ይኸው መልስ ነው።

ሦስተኛው የጥቅም ግጭት ነው። መርማሪው መነጽር ሻጭ ሲሆን ሕመምተኛው ለሽያጭ ይመረመራል የሚል ጥርጣሬ ይነሳል። የስኮትላንድ ልምድ እንደሚያሳየው መፍትሔው ለምርመራው ራሱን የቻለ ክፍያ መመደብ ነው። በእኛ አገር ይህ በመንግሥት ደመወዝና በጤና መድን በኩል ሊሠራ ይችላል። የጤና መድን መነጽርን እንደ ጌጥ ሳይሆን እንደ መድኃኒት ቢቆጥር፣ ምርመራውን አልፎ መነጽሩ ላይ የሚቀረው ሰው ይቀንሳል።

መደምደሚያ

የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2021፣ እስከ 2030 ድረስ ትክክለኛ መነጽር የሚያገኙ ሰዎች ሽፋን በ40፣ የሞራ ግርዶሽ ቀዶ ሕክምና ሽፋን በ30 የመቶኛ ነጥብ እንዲያድግ ግብ አስቀምጧል። ጊዜው አጭር ነው። ስፔሻሊስት ማፍራት የብዙ ዓመታት ትምህርት ይጠይቃል፤ የሠለጠነውን ኦፕቶሜትሪስት በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል መመደብ፣ መመርመሪያና የመነጽር አቅርቦት ማሟላት፣ የመላኪያና የመልስ ቅጹን ማዘጋጀት ግን የአስተዳደር ውሳኔ ነው። ይህን ውሳኔ የሚወስኑት የክልል ጤና ቢሮዎችና የሆስፒታል ኃላፊዎች ናቸው፤ የዓይን ሐኪሞችም መመሪያውን በመጻፍና ለተላከው ሰው መልስ በመስጠት ሊያግዙ ይገባል። የሞራ ግርዶሽ ያለበት ሰው ቢዘገይም ብርሃኑ ሊመለስለት ይችላል። ግላኮማ የያዘው ሰው ግን በዘገየንበት ዓመት ያጣውን ዕይታ ማንም አይመልስለትም።