ዳኛን ማን ያስተምራል? የካናዳ ረጅም ክርክር

እ.ኤ.አ. በ2014 በካልገሪ ከተማ፣ የአልበርታ ክፍለ ግዛት ፍርድ ቤት የወሲባዊ ጥቃት ክስ ሲሰማ፣ ዳኛ ሮቢን ካምፕ የ19 ዓመቷን የግል ተበዳይ ጉልበቶቿን ለምን ገጥማ እንዳልያዘች ጠየቋት። ተከሳሹንም በነፃ አሰናበቱ። ንግግራቸው የአገር መነጋገሪያ ሲሆን ካምፕ ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ተሹመው ነበር።

ካናዳ ሕግ አልጎደላትም። በ1983 የወንጀል ሕጓ ስለ አስገድዶ መድፈር የነበረውን የቀድሞ ድንጋጌ ሽራ፣ ሰፋ ባለው የወሲባዊ ጥቃት ወንጀል ተክታለች፤ በ1992 ደግሞ ፈቃድ ማለት ምን እንደሆነ በሕግ ደንግጋለች። ሆኖም ሕጉ ሲለወጥ የሚተረጉመው ሰው አብሮ አይለወጥም። በኤድመንተን ሥራ ፍለጋ በሄደች የ17 ዓመት ልጅ ጉዳይ፣ የአልበርታ ይግባኝ ሰሚ ዳኛ ጆን ማክለንግ ተከሳሹ በነፃ መለቀቁን ሲያጸኑ የልጅቷን አለባበስ አንሥተው ነበር። (ዳኛው ለሴቶች የመምረጥ መብት የታገለችው የኔሊ ማክለንግ የልጅ ልጅ መሆናቸውን ታሪክ ራሱ የቀለደ ያስመስላል።) ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1999 ውሳኔውን ሽሮ፣ በሁኔታ የሚገመት ፈቃድ በሕጉ እንደሌለ ወሰነ። ዳኛ ክሌር ለሩ ዱቤም የማክለንግን ሐተታ ተለምዷዊ ጭፍን እምነት በማለት ነቀፉ። ማክለንግ መልሳቸውን በጋዜጣ ጻፉ፤ ለአንድ ዳኛ እጅግ ያልተለመደ ድርጊት ነበር።

ትምህርት እንደሚያስፈልግ ግን ዳኞቹ ራሳቸው ቀድመው ተረድተዋል። የካናዳ የዳኝነት ምክር ቤት በ1994 ፆታንና ዘርን የሚያካትት፣ ጥልቀት ያለው የማኅበራዊ አውድ ትምህርት እንዲኖር በመርህ ደረጃ ተስማማ፤ በ1988 የተመሠረተው ብሔራዊ የዳኝነት ተቋምም በ1996 ሥራውን ጀመረ። ምሁራንና የማኅበረሰብ ተወካዮች ያስተምራሉ፤ መሪነቱ ግን በዳኞች እጅ ይቆያል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ መንግሥት ራሱ በብዙ ክሶች ተከራካሪ ስለሆነ፣ ለዳኛው ትምህርት የሚቀርጽለት እርሱ ከሆነ ነፃነቱ ይናጋል። የዚህ ጥንቃቄ ዋጋ ደግሞ ትምህርቱ በሕግ የሚያስገድድ አለመሆኑ ነው። ትምህርቱ በይበልጥ የሚያስፈልገው ዳኛ፣ እንደሚያስፈልገው ላያውቅ ይችላል።

ካምፕ ራሳቸው በምርመራው ወቅት የካናዳን የወሲባዊ ጥቃት ሕግ በሚገባ እንደማያውቁ አመኑ። ከአንድ ዳኛ፣ ከአንድ የሥነ ልቦና ባለሙያና ከአንዲት የሕግ ምሁር ትምህርት መውሰዳቸውን አስረዱ። ምክር ቤቱ ግን ዘግይቶ የመጣ ትምህርት የሕዝብን እምነት አይመልስም በሚል እይታ፣ በመጋቢት 2017 ከሹመት እንዲነሡ ሐሳብ አቀረበ፤ እርሳቸውም ለቀቁ። ተከሳሹ በሌላ ዳኛ ፊት እንደገና ተዳኝቶ ዳግመኛ በነፃ መለቀቁ መዘንጋት የለበትም። ጥፋቱ የነበረው ዳኛው ወደ ውሳኔው በደረሱበት መንገድ ላይ ነበር።

በዚያው ዓመት የወግ አጥባቂው ፓርቲ ጊዜያዊ መሪ ሮና አምብሮዝ የዳኞችን ሥልጠና ግዴታ የሚያደርግ ረቂቅ አቀረቡ። የታችኛው ምክር ቤት በአንድ ድምፅ አሳለፈው፤ ሴኔቱ ዘንድ ግን ተንጓቶ በ2019 ሞተ። የነፃነት ጥያቄው ከበድ ያለ ነበር፤ ዕጩዎች ከመሾማቸው በፊት ይሠልጥኑ ከተባለ፣ ለሹመት የታጨው ማን እንደሆነ በሥልጠናው ይታወቃልና።

በግንቦት 2021 የጸደቀው ሕግ መካከለኛ መንገድ ያዘ። በሥራ ላይ ያለን ዳኛ አያስገድድም፤ በፌዴራል መንግሥት የሚሾም አዲስ የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ግን ስለ ወሲባዊ ጥቃት ሕግና ስለ ማኅበራዊ አውድ፣ ሥርዓታዊ ዘረኝነትን ጨምሮ፣ ተከታታይ ትምህርት ለመውሰድ ቃል መግባት አለበት። የሥልጠናው ይዘት የዳኞች ምክር ቤት ሥልጣን ሆኖ ቀረ። የክፍለ ግዛት ፍርድ ቤቶች ግን ከሕጉ ውጭ ናቸው። አብዛኛው የወንጀል ክስ የሚታየው በእነርሱ ዘንድ ነው፤ ካምፕ ያንን ጥያቄ የጠየቁትም በአንዱ ችሎት ተቀምጠው ነበር።