ቦታ ያዥ ቃል (የኮምፒውተር ፕሮግራም)

ቦታ ያዥ ቃል በኮምፒውተር ፕሮግራም ምሳሌዎች ውስጥ የሚገባ፣ የራሱ ትርጉም የሌለው ስም ነው። በእንግሊዝኛ ማስተማሪያዎች ውስጥ በብዛት የሚታዩት ፉ፣ ባር፣ ባዝ እና ኩክስ ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ተጣምረው ፉባር ይባላሉ። በሙያው ቋንቋ ሜታሲንታክቲክ ተለዋዋጭ በመባል ይታወቃሉ። በአማርኛ ንግግር እገሌ፣ እንትና እና እንትን የሚሰጡት አገልግሎት ከዚህ ጋር በጣም ይመሳሰላል።

አገልግሎት

በእውነተኛ ፕሮግራም ውስጥ ተለዋዋጭ፣ ማለትም ዋጋ የሚቀመጥበት ስም፣ የያዘውን ነገር እንዲናገር ተደርጎ ይሰየማል። የሠራተኛ ክፍያ የሚይዝ ከሆነ «ደመወዝ» ቢባል ተገቢ ነው። በምሳሌ ውስጥ ግን ትርጉም ያለው ስም አንባቢውን ሊያዘናጋ ይችላል። የሁለት ተለዋዋጮችን ዋጋ ማቀያየር የሚያስረዳ መምህር «ደመወዝ» እና «ግብር» የሚሉ ስሞችን ቢጠቀም፣ ተማሪው ደመወዝ ለምን በግብር ቦታ እንደገባ መጠየቁ አይቀርም። «ፉ» እና «ባር» ከተባለ ግን መልእክቱ «ስሙን ተወው፣ አሠራሩን ተመልከት» የሚል ነው።

ይህ ምልክት የሚሠራው አንባቢው ቃላቱ ባዶ መሆናቸውን አስቀድሞ ካወቀ ብቻ ነው። እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት የተማረ ጀማሪ መዝገበ ቃላት ቢገልጥ ባርን «መጠጥ ቤት» ወይም «ዘንግ» ተብሎ ተተርጉሞ ያገኘዋል፤ ይህም ምሳሌውን ለመረዳት አይረዳውም። አንዳንዱም ፉን የፕሮግራም ቋንቋው ቁልፍ ቃል አድርጎ በቃሉ ሊያጠናው ይችላል። ለመለየት ቀላል ዘዴ አለ፦ ቃሉን በምሳሌው ውስጥ በታየበት ቦታ ሁሉ በሌላ አዲስ ስም ተክቶ ፕሮግራሙን እንደገና ማስኬድ ነው። ውጤቱ ካልተለወጠ ስሙን የሰጠው የምሳሌው ጸሐፊ ነው። ቁልፍ ቃል ወይም ከቋንቋው ጋር የመጣ ትእዛዝ ከሆነ ግን ፕሮግራሙ ስህተት ያሳያል።

ታሪክ

ፉ የሚለው ቃል ከኮምፒውተር በፊት ነበረ። አሜሪካዊው ሠዓሊ ቢል ሆልማን እ.ኤ.አ. ከ1935 ጀምሮ ባወጣው «ስሞኪ ስቶቨር» በተባለው የእሳት አደጋ ሠራተኛ አስቂኝ የሥዕል ታሪክ ውስጥ ቃሉን ያለ ምንም ማብራሪያ በየቦታው ይጽፈው ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ የአሜሪካ ወታደሮች ፉባር የሚል ድምፅ ያለው ምህጻረ ቃል ነበራቸው። ይህም ከጸያፍ ሐረግ የተወሰደ ሲሆን «እስከማይታወቅ ድረስ የተበላሸ» ለማለት ያገለግላል። የፕሮግራመሮቹ ፉባር በዚህ ቃል ተጽእኖ ሥር እንደተፈጠረ ይታመናል፤ ሆኖም ፊደላቱ በእንግሊዝኛ ሲጻፉ አንድ አይደሉም።

ቃሉ ወደ ኮምፒውተር ዓለም በገባበት መንገድ ላይ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት (ኤም አይ ቲ) የነበረው የሞዴል ባቡር ክበብ ትልቅ ድርሻ አለው። የክበቡ አባላት እ.ኤ.አ. በ1959 ባዘጋጁት የራሳቸው መዝገበ ቃላት ውስጥ ፉ ይገኛል። በክበቡ ክፍል ውስጥ አደጋ ሲመጣ ባቡሮቹን የሚያስቆሙ ማብሪያ ማጥፊያዎች ነበሩ፤ አንዱ ሲነካ የዲጂታል ሰዓቱ ቆሞ በቦታው «ፉ» የሚል ጽሑፍ ይታይ ነበር። ከክበቡ አባላት ብዙዎቹ በዩኒቨርሲቲው ከነበሩ ቀደምት ፕሮግራመሮች መካከል ስለነበሩ ቃሉ አብሯቸው ወደ ኮምፒውተር ሥራ ተሻገረ።

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1 ቀን 2001 «የፉ ሥርወ ቃል» የሚል፣ ቁጥሩ 3092 የሆነ ሰነድ አር.ኤፍ.ሲ. በሚባሉት የኢንተርኔት አሠራር ሰነዶች ተራ ወጣ። ቀኑ የቀልድ ቀን ቢሆንም የሰነዱ አቤቱታ እውነተኛ ነው፦ እስከዚያ ጊዜ ከወጡት ሰነዶች 212 ያህሉ፣ ማለትም 7 በመቶ ገደማ፣ እነዚህን ቃላት ያለ በቂ ማብራሪያ ተጠቅመዋል ይላል።

በሌሎች ቋንቋዎች

የየአገሩ ፕሮግራመሮች የራሳቸው ልማድ አላቸው።

• ፈረንሳይኛ፦ ቶቶ፣ ቲቲ፣ ታታ
• ጣልያንኛ፦ ፒፖ፣ ፕሉቶ፣ ፓፔሪኖ (የዲዝኒ ገጸ ባሕርያት የጣልያንኛ መጠሪያዎች)
• ጃፓንኛ፦ ሆጌ፣ ፉጋ፣ ፒዮ

የፓይተን ቋንቋ ተጠቃሚዎች ስፓም እና ኤግስ ማለትን ያዘወትራሉ። ቋንቋው ስሙን ያገኘው ሞንቲ ፓይተን ከተባለው የእንግሊዝ የቀልድ ቡድን ሲሆን፣ ስፓም የሚለውም በቡድኑ የ1970 እ.ኤ.አ. ቀልድ የታወቀ የቆርቆሮ ሥጋ ስም ነው።

በምስጠራ ጥናት ውስጥ ደግሞ ሰዎች አሊስ እና ቦብ ይባላሉ። እነዚህ ስሞች የታወቁት ሪቨስት፣ ሻሚር እና አድልማን እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት ጽሑፍ ነው። ኋላ የተጨመረችው ኢቭ በሁለቱ መካከል የሚተላለፈውን መልእክት በድብቅ የምታዳምጥ ናት።

የተከለሉ ስሞች

ትርጉም የለሽ ስም ሁልጊዜ ጉዳት የለሽ አይደለም። ፉ የተባለ ተለዋዋጭ ማንንም አይነካም፤ በዘፈቀደ የተፈጠረ የድረ ገጽ ወይም የኢሜይል አድራሻ ግን የእውነተኛ ሰው ንብረት ሊሆን ይችላል። የሙከራ ፕሮግራም ወደዚያ አድራሻ መልእክት ቢልክ፣ የደንበኞች መረጃ ለማይታወቅ ሰው ሊደርስ ይችላል።

ለዚህ ሲባል እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው አር.ኤፍ.ሲ. 2606 ለምሳሌ እና ለሙከራ ብቻ የሚውሉ ስሞችን ከለለ። «ኤግዛምፕል ዶት ኮም» ከእነዚህ አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው አር.ኤፍ.ሲ. 5737 ደግሞ ከ192.0.2.0 እስከ 192.0.2.255 ያሉትን ጨምሮ ሦስት የኔትወርክ አድራሻ ክልሎችን ለማስተማሪያ ጽሑፎች መድቧል።

በአማርኛ

በአማርኛ ስሙ ያልተጠራ ሰው እገሌ ወይም እገሊት፣ ስሙ የተዘነጋ ሰው እንትና፣ ስሙ የጠፋ ዕቃ እንትን ይባላል። በግዕዝ የጸሎት መጻሕፍት ውስጥም እገሌ የሚለው ቃል የጸሎተኛውን ስም ቦታ ይዞ ይጻፋል፤ አንባቢው እዚያ ሲደርስ የክርስትና ስሙን ያስገባል። ይህ አሠራር ከተለዋዋጭ አሠራር ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል፦ ቦታው ቋሚ ነው፣ ዋጋው ግን እንደ ተጠቃሚው ይለያያል።

የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2008 የወጣው ፓይተን 3 ደግሞ የተለዋዋጭ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ እንዲጻፍ አያስገድድም። ስለዚህ የሚከተለው ትክክለኛ የፓይተን ፕሮግራም ነው።

እገሌ = 3
እንትና = 4
እገሌ, እንትና = እንትና, እገሌ

ሦስተኛው መስመር ዋጋዎቹን ያቀያይራል፤ በመጨረሻ እገሌ 4፣ እንትና 3 ይሆናሉ። አማርኛ ተናጋሪ ተማሪ ስሞቹ ባዶ መሆናቸውን ያለ ማብራሪያ ያውቃል። መጠንቀቅ የሚገባው በድምፅ አንድ በሆኑ ፊደላት ላይ ነው፦ ለኮምፒውተሩ «እገሌ» እና «ዕገሌ» ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። በሀ፣ ሐ እና ኀ፣ በሰ እና ሠ፣ በጸ እና ፀ ላይም እንደዚሁ ነው።

ደግሞ ይዩ

• ተለዋዋጭ
• ፓይተን (የፕሮግራም ቋንቋ)
• ዩኒኮድ